ነዳጅ በነዳጅ ላይ

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እንዲህ ይላል። የሰው ልጅ መጀመሪያ እንጨት አነደደ፤ ቀጥሎ የድንጋይ ከሰል ሲያገኝ እንጨቱን ተወ፤ የምድር ዘይት (ቤንዚንና ናፍጣ የሚወጣበት) ሲፈልቅለት ደግሞ ከሰሉን ተወ፤ አሁን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ እየተሻገረ ነው፤ ነገ ፀሐይና ነፋስ ይጠብቁታል። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በዜናና በአዳራሽ ንግግር ሁሉ ይህ ይደጋገማል። ጅማ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ወደ ክፍል የሚገቡት ይህንኑ ታሪክ ይዘው ነው። እኔ ግን ታሪኩ ልክ አይደለም እላለሁ። ስሕተቱም እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ዛሬ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ቡናችን የምንጨነቅበትን ዋናውን ምክንያት ይጋርድብናል።

ነገሩን ለማየት እያንዳንዱ ነዳጅ በየዓመቱ ወደ አየር የለቀቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ በግራፍ መሳል ይበቃል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሰሉ ከታች ይነጠፋል፤ ዘይቱ በላዩ ያርፋል፤ ጋዙ ደግሞ በዘይቱ ላይ። መሶብ ውስጥ እንደሚደራረብ እንጀራ ነው፤ አዲሱ ስለመጣ የታችኛው አይነሣም። በ1850 ጠቅላላው ልቀት ወደ 200 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ ሁሉም ማለት ይቻላል የከሰል ነው። በ1900 ወደ 2 ቢሊዮን ቶን ደረሰ። በ1950 6 ቢሊዮን ገደማ ሆነ፤ ያኔም ከግማሽ በላዩ ገና የከሰል ነበር። ዛሬ በዓመት 37 ቢሊዮን ቶን ያህል ይለቀቃል፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 15 ቢሊዮን ቶን ከከሰል፣ ወደ 12 ቢሊዮን ከዘይት፣ 8 ቢሊዮን ገደማ ከጋዝ ይመጣል። ቀሪው በአብዛኛው የሲሚንቶ ነው። ያ «የተተወ» የተባለው ከሰል በ1900 ዓለም በሙሉ ከለቀቀው ሰባት እጥፍ የሚሆነውን ዛሬ ብቻውን ይለቃል ማለት ነው።

ልቀቱ እንዲህ እንደሚከመር አስቀድሞ ማየት ለሊቃውንቱም አልተቻላቸውም። ስቫንቴ አሬኒየስ የተባለው ስዊድናዊ ኬሚስት በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ በእጁ ያሰላው በ1896 ነው፤ አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ባደረጉበት ዓመት። ስሌቱ ብዙም አልሳተም። የሳተው ጊዜውን ነው። በዚያ ዘመን የዓለም የከሰል ፍጆታ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ቶን ይገመት ነበር፤ በዚያ አካሄድ እጥፉ ላይ ለመድረስ ሺህ ዓመታት ያስፈልጋሉ ብሎ አሰበ። ዛሬ ዓለም በዓመት የምታነደው ከሰል ከ8 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ዘይትና ጋዙን ገና አልቆጠርኩም።

አድዋን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከሰል ከታሪካችን ጋር የተገናኘው እኛ ራሳችን ከማንደዳችን በፊት ነው። የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በ1869 ሩባቲኖ የተባለው የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። የእንፋሎት መርከቦች በረጅሙ ጉዞ መካከል ከሰል የሚሞሉበት ጣቢያ ያስፈልጋቸው ነበር። ያ ቦታ በኋላ ወደ ጣሊያን መንግሥት ተላለፈ፤ ምፅዋ ተከተለች፤ ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የነዳጅን ታሪክ የፋብሪካና የጭስ ማውጫ ታሪክ ብቻ አድርገው ሲነግሩኝ ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። ሦስቱ ነዳጆች ለምን እኩል አይለቁም?

አንድ ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ያህል ይመዝናል። ሲቃጠል ግን 2.3 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህን ስናገር ለተማሪዎቼ አይዋጥላቸውም፤ ከኪሎ ያነሰ ነገር እንዴት ከሁለት ኪሎ በላይ ይወልዳል ይላሉ። ቀሪውን ክብደት የሚያመጣው አየሩ ነው። የካርቦን አቶም ክብደት 12 ነው፤ የኦክስጅን 16። አንድ ካርቦን ከሁለት ኦክስጅን ጋር ሲጣመር 44 ይሆናል። ስለዚህ 12 ኪሎ ካርቦን ተቃጥሎ 44 ኪሎ ጋዝ ይሆናል። ጅማ ውስጥ አጂፕ አካባቢ ለማራገፍ ተራ የሚጠብቅ ቦቴ 40 ሺህ ሊትር ናፍጣ ጭኖ ከሆነ፣ ያ ናፍጣ በየመኪናው ተቀድቶ ሲያልቅ ወደ 107 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ተበትኗል። ቦቴው ከነጭነቱ የሚመዝነው ከዚህ ግማሹን እንኳ አይሞላም።

ልዩነቱ ያለው ደግሞ ሃይድሮጅኑ ላይ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ለአንድ ካርቦን አራት ሃይድሮጅን አለው። ቤንዚንና ናፍጣ ለአንድ ካርቦን ሁለት ገደማ። የድንጋይ ከሰል ግን አንድ እንኳ አይሞላለትም። ሃይድሮጅን ሲቃጠል ሙቀት ይሰጥና ውሃ ይሆናል፤ ካርቦን ሲቃጠል ሙቀት ይሰጥና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሃይድሮጅኑ ባነሰ ቁጥር ሙቀቱ ሁሉ ከካርቦን መምጣት አለበት። ስለዚህ እኩል ሙቀት ለማግኘት ጋዝ 56 ኪሎ ሲለቅ ቤንዚን 69፣ ናፍጣ 74፣ ከሰል 95 ኪሎ ገደማ ይለቃል። የእነዚህን ቁጥሮች ደረጃ የተረዳ ተማሪ የሁለት መቶ ዓመቱን ግራፍ ለማንበብ አይቸገርም። ዓለም የትኛውን ነዳጅ ስትመርጥ የጠቅላላው መስመር ዳገት እንደሚለዝብ፣ የትኛውን ስትመርጥ እንደሚከፋ ወዲያው ያያል።

እንግዲህ ወደ ግራፉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ዘይት ከሰልን ቀድሞ አንደኛው የልቀት ምንጭ ሆነ። መኪናው፣ አውሮፕላኑና መርከቡ በዘይት ሄዱ፤ ኤሌክትሪክም በብዙ አገር ከዘይት ይመነጭ ነበር። ከዚያ በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች ማዕቀብ ጣሉና የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ሆነ። በልቀት ግራፉ ላይ ይህ የሚታየው የዘይቱ መስመር በ1974 እና በ1975 ትንሽ ጎንበስ ሲል ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ አድማው ከመምህራኑ፣ ከተማሪውና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ገጠመ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የአብዮቱ ምክንያት ነዳጅ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ረሀቡም መሬቱም ነበሩበት። ግን በዓለም ግራፍ ላይ ለዓይን የማትሞላ አንዲት ጉብጠት በድሃ አገር ውስጥ ምን እንደምታደርግ ይህ ያሳያል።

ከ1979 የኢራን አብዮት በኋላ ዋጋው እንደገና ሲንር የዘይቱ ልቀት ለጥቂት ዓመታት በእርግጥ ቀነሰ። ብዙዎች ይህን እንደ መልካም ዜና ይቆጥሩታል። እኔ የምመለከተው ዘይቱን ምን እንደተካው ነው። ኑክሌር የተከሉ አሉ፤ ብዙ አገሮች ግን የኤሌክትሪክ ማመንጫቸውን ወደ ከሰልና ወደ ጋዝ አዞሩ። አንዱ ነዳጅ ሲወደድ ሌላው ይሸከመዋል፤ ድምሩ ጥቂት ያርፍና መውጣቱን ይቀጥላል።

ከዚያ ከሰል ተመለሰ። በ2000 ከከሰል የሚወጣው ወደ 9 ቢሊዮን ቶን ነበር፤ በ2013 ወደ 15 ቢሊዮን ተጠግቷል። በመካከሉ ከዘይት ላይ አንደኝነቱን መልሶ ወሰደ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀም። ትልቁ ምክንያት ቻይና ናት። ዛሬ ከዓለም ከሰል ከግማሽ በላይ የሚነደው እዚያ ነው። ነገር ግን ጣታችንን ቀስረን ከመቆማችን በፊት ጅማ መርካቶ ገብተን እንዞር። ቆርቆሮው፣ ምስማሩ፣ ቧንቧው፣ ስልኩ፣ የፕላስቲክ ጫማው ከየት መጣ? የዚያ ከሰል ጥቂቱ የነደደው ለእኛ ጣሪያ ነው፤ ብዙው ደግሞ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ።

በእውነት ከሰልን የተወ አገር የለም ወይ? አለ፤ ምሳሌዋ ብሪታንያ ናት። ለሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚሸጥ የከሰል ማመንጫ ለንደን ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1882 ነው፤ የመጨረሻው የአገሪቱ የከሰል ማመንጫ የተዘጋው በሴፕቴምበር 30 ቀን 2024። በ2012 እንኳ ከኤሌክትሪካቸው 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከከሰል ነበር፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ዜሮ ሆነ። አሜሪካም ከሰሏን በጣም ቀንሳለች፤ እዚያ ግን ዋናው ተተኪ ከድንጋይ ንብርብር መካከል የሚወጣው ርካሽ ጋዝ ነው። ጋዝ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ከከሰል ግማሽ ያህሉን ብቻ ስለሚለቅ ትርፍ አለው። ችግሩ ከጉድጓዱና ከቧንቧው ሳይቃጠል የሚያመልጠው ነው። ሚቴን በሃያ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ብዙ ካፈሰሰ ያ ትርፍ ይጠፋል። እኛም በኦጋዴን ካሉብ ላይ ጋዝ አለን፤ የሚያወጡት ሰዎች ከምንም በፊት ፍሳሹን የሚለካ መሣሪያ ቢተክሉ ደስ ይለኛል።

አጎቴ ማና ወረዳ ውስጥ ቡና አላቸው። ይህን ሁሉ ስተርክላቸው አንድ ጊዜ አቋረጡኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህን አየር ያበላሸው የእኛ ጭስ ነው ወይስ የእነሱ?» አሉኝ። ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፤ ቀጥተኛ መልስም አለው። አንድ ኢትዮጵያዊ በአማካይ በዓመት ከእነዚህ ነዳጆች የሚለቀው 0.15 ቶን ገደማ ነው። የዓለም አማካይ 4.7 ቶን ነው። የአንድ አሜሪካዊ 14 ቶን ያህል፤ ወደ መቶ የምንጠጋ ኢትዮጵያውያን ተደምረን አንዱን እናክላለን። ከ1850 ጀምሮ ከተለቀቀው ሁሉ ደግሞ ሩቡ ገደማ የአሜሪካ ነው። (የደናችን መጨፍጨፍና የማገዶው ጭስ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ እሱ ለብቻው የሚቆጠር ነው፤ እሱ ላይ የእኛ ድርሻ ይበዛል።) ለአጎቴ ያልኳቸው ይህንኑ ነው፦ ጭሱ በአብዛኛው የእነሱ ነው፤ ጉዳቱ ግን እርስዎ ዘንድ ደርሷል።

መድረሱን የሚያሳይ አንድ ጥናት ስላለ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የእኛኑ ከተማ በስም ስለሚያነሣ ነው። የቡና ፍሬ ውስጥ ገብታ የምትቦረቡር ከሰሊጥ የማትበልጥ ጥንዚዛ አለች፤ በዓለም ቡና አምራቾች ዘንድ የተፈራች ተባይ ናት። በ2009 የታተመው ጥናት እንደሚለው ከ1984 በፊት፣ ማለትም እስከ 1976 ዓ.ም. ድረስ፣ ጅማ ለዚህች ጥንዚዛ በጣም ብርድ ነበረች፤ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ ጨርሳ መፈልፈል አትችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ስለጨመረ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ትውልድ ማፍራት የምትችልበት ሁኔታ ተፈጥሯል። አጎቴ ቡና መልቀም የጀመሩት ገና ብርዱ ሳለ ነው። በ2017 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አስልቷል። ወደ ደጋው ቢወጣ ይበቅላል ይላል፤ ልክ ነው። ግን መሬት የሌለው ገበሬ ወዴት ይወጣል? ደጋው ላይስ ጤፍና ገብስ የሚያርስ ሰው የለም ወይ?

በቤታችንም ያው መደራረብ አለ። ጅማ ውስጥ አንድ ቤት ገብታችሁ ብታዩ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፤ መብራት ሲጠፋ በእንጨት፤ ወጡ በእንጨት ከሰል ወይም በቡታ ጋዝ፤ ቡናው ያለ እንጨት ከሰል አይፈላም። አዲሱ መጣ እንጂ አሮጌው አልወጣም። በእርግጥ የወጣ አንድ ነገር አለ፤ ነጭ ጋዝ የሚጠጣው ኩራዝ። እኛ በኩራዝ አጥንተን ነው ያደግነው፤ አሁን ግን በገጠሩም ሳይቀር ትንሿ የፀሐይ መብራት ቦታውን ወስዳለች። የጅቡቲው ባቡርም እንዲሁ፦ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በእንፋሎት ነበር፤ በኋላ በናፍጣ ሄደ፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከሁለቱ የማየው፣ አሮጌው ነዳጅ የወጣው አዲሱ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ሲሠራለት፣ ርካሽም አስተማማኝም ሲሆን ነው። የፀሐይ መብራቷ ዛሬ በርታ ነገ ብትጠፋ ኖሮ ኩራዙ እስከ አሁን ከመደርደሪያው አይወርድም ነበር።

ለዚህ ነው ጅማ በጣም የምታሳስበኝም የምታስደስተኝም። የግልገል ጊቤ ማመንጫ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነበር። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውሃ፣ ጥቂቱን ከነፋስ ነው። መንግሥት በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪኩን ከከሰል የሚያመነጭ አገር እንዲህ ያለ ውሳኔ ቢወስን የመኪናውን ጭስ ወደ ከሰል ማመንጫው ማዛወር ይሆንበት ነበር፤ እኛ ዘንድ ጭሱ በእውነት ይቀራል። ከመርካቶ እስከ ኮቺ የሚርመሰመሱት ባጃጆች በኤሌክትሪክ ቢሄዱ የሹፌሩ የቀን ወጪ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ጠፋ ሲባል የምናየው ሰልፍም ያጥራል። የሚጎድለው መብራቱ ሳይቆራረጥ መምጣቱና ባትሪውን የሚጠግን ባለሙያ ነው።

አሳሳቢው ሌላኛው ወገን ነው። ኢትዮጵያ ከሰል የማታነድ አገር አይደለችም። ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ቀድሞ ምድጃቸውን የሚያግሉት ከውጭ በሚመጣ ከባድ የነዳጅ ዘይት ነበር፤ ዘይቱ ሲወደድ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የዓለም መጽሐፍ ከሰል ቀደመ ዘይት ተከተለ ይላል፤ እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ከሰሉ ለረጅም ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ይመጣ ነበር፤ አሁን ምንዛሪ ለማዳን የአገር ውስጡ ይፈለጋል። የአገር ውስጡ ደግሞ በአብዛኛው በእኛ በኩል ነው፦ እዚሁ ጅማ ዞን ደልቢና ሞዬ፣ ወደ ኢሉ አባ ቦራ ሲሄዱ ያዩ። አመዱ የበዛ ከሰል ነው፤ ለእኩል ሙቀት ብዙ መቆፈር፣ ብዙ መጫን ይጠይቃል።

ሲሚንቶ አንሥራ አልልም። ተማሪዎቼ የሚማሩበት ክፍልም በሲሚንቶ የቆመ ነው። በዚህ ላይ የሲሚንቶ ልቀት ከነዳጁ ብቻ አይመጣም፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲግል ከእያንዳንዱ 100 ኪሎ ውስጥ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ በምንም ነዳጅ ብታግሉት ይህ አይቀርም። ልንመርጥ የምንችለው ምድጃውን የሚያግለውን ነው። ኡጋንዳ ውስጥ የቡና ገለፈት ከሌላው ነዳጅ ጋር ቀላቅሎ የሚያነድ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ገለፈቱ የለቀቀው ካርቦን ዛፉ በቅርቡ ከአየር የወሰደው ስለሆነ ከመሬት ሆድ እንደሚወጣው አይደመርም። በእኛ ዞን በየቡና መቀሸሪያው ዙሪያ የተከመረውን ገለፈት ያየ ሰው ይህ ሐሳብ ከሩቅ የመጣ አይመስለውም። መጫኛው ያስወጣል፤ መጠኑም ከሰሉን በሙሉ አይተካም። ግን ከደልቢ የሚጫነውን ከሰል በከፊል ሊቀንስ ይችላል፤ ለገለፈቱም ለገበሬው ማኅበር የሚከፈል ዋጋ ይኖረዋል።

ስለ ደልቢ ለመደራደር ፈቃደኛ ነኝ፤ ስለ ያዩ ግን አይደለሁም። የያዩ ደን በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበ የጫካ ቡና መጠበቂያ ነው። አረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት፣ ዝርያው ገና ያልተመናመነበት ጫካ በዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ያ ነው። ሙቀትን የሚችል፣ በሽታን የሚቋቋም፣ ምናልባትም ያችን ጥንዚዛ የሚመክት የቡና ዝርያ ቢገኝ የሚገኘው እንደዚያ ባለ ደን ውስጥ ነው። ከሥሩ ያለውን ከሰል አውጥተን ብናነደው አንድ ቀን ያልቃል፤ ጫካው ከተነሣ ግን አጎቴም፣ የአጎቴ ልጆችም፣ የብራዚልና የኮሎምቢያ ገበሬዎችም የሚመለሱበት ዘር አይኖራቸውም። ስለዚህ ከሰሉ ባለበት ይቆይ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልም ይህን ካርታው ላይ ምልክት አድርጎ ያስቀምጠው።